ይሰማዎታል

እናቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ለመደወል መጀመሪያ ኦፕሬተር መለመን ግድ በነበረበት ዘመን፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ እየነቀለች ገመድ እየሰካች፣ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስትል ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ቤት ስትገባም ቃሉ አይለቃትም ነበር። «እጃችሁን ታጠቡ፣ ይሰማል?» ትለናለች። እኔና እትዬ ከጀርባዋ አፍንጫችንን ይዘን እናስመስላታለን፤ ስትደርስብን ደግሞ ከኛ ብሳ ትስቃለች።

ያ ጆሮ በመጨረሻ ከዳት። መጀመሪያ ግራው ደከመ፣ ቀኙም ተከተለው። ሐኪም የጆሮ መሣሪያ አዘዘላት፤ የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል ነገር። እጅ ሲጠጋት ሲጥ እያለች ስለምታፏጭ እማ «ፏጪዋ» ብላ ስም አወጣችላት። እማ ኩሩ ሰው ነች። ፏጪዋን በሻሿ ሸፍና፣ የሰውን ከንፈር እያየች፣ ያልሰማችውን ከራሷ እየሞላች ትጫወታለች። ስለዚህ ደንቆሮ መሆኗን ከጎረቤት እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህን ቃል ስጽፍ ብታየኝ ጆሮዬን ትቆነጥጠው ነበር።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን እያነበቡ ስህተታቸውን በቀይ ማስመር ነው። ብዙ ከመቆየቴ የተነሳ ሰው ሲያወራኝም በልቤ አርመዋለሁ፤ ወዳጅ የማይበረክትልኝም ለዚህ ይመስለኛል። እትዬ ታላቄ ናት። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነች፣ ቤተሰቡንም እንደ ትምህርት ቤቱ በሰልፍ ነው የምታስኬደን። እማን ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስዳት፣ ማን እንደሚያድርላት፣ ማን ዝም እንደሚል የምትወስነው እሷ ናት። ዝም የምለው ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእማ እግር ነው። ስኳር አለባት፣ እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል፣ ጫማ ሲልጣት እንኳ አላወቀችም። እኛ ስናይ ጣቶቿ ጠቁረው ነበር። የእግሯ የፊት ክፍል ካልተቆረጠ መመረዙ ወደ ላይ ይወጣል ተባልን። ሐኪሞቹን ያስፈራቸው ግን ከእግሯ ይልቅ ሳንባዋ ነበር። ለዓመታት በአስም የተጎዳ ሳንባ ነው፤ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቷት ከተኛች በኋላ በራሷ መተንፈስ ሊያቅታት፣ ከቀዶ ሕክምናው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ልትገባ ትችላለች አሉን።

የሰመመን ሐኪሙ ወደ እማ አልጋ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጭንብሉን ከፊቱ አያወርድም ነበር፣ ከላይ የሚታዩት ትልልቅ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ዓይኖች ብቻ ናቸው። ገና ዞር ከማለቱ እማ «ዓይናማው» ብላ ሰየመችው። ዓይናማው ጥናት እያጠና እንደሆነ ነገረን። እንደ እማ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ገሚሶቹ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ እንዲተኙ ይደረጋል፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከጉልበታቸው ጀርባ በመርፌ ነርቩ ይደነዝዝና እነሱ ነቅተው ይቆያሉ። ከየትኛው ወገን ብዙ ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። ማን ወደየት እንደሚሄድ ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው።

«እግርዎን ብቻ ነው የምናስተኛው» አላት ለእማ።

«እግሬማ ከተኛ ቆየ» አለችው። «የምታስቸግራችሁ እኔ ነኝ።»

ፏጪዋ ጆሮዋ ላይ ስለነበረች ያለውን ሁሉ ሰምታለች። ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጥናቱ ውስጥ ትግባ ያለችው እትዬ ናት፤ እማም እንደ እትዬ ፍላጎት ፈቀደች። ዕጣው እግር ብቻ ከሚተኛው ወገን ሲጥላት እትዬ ራሷ ያወጣችው ይመስል ደስ አላት።

በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ነርሷ መጥታ የሚወልቀውን ሁሉ አስወለቀች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ፣ ቀለበቷ፣ ሻሿ፣ በመጨረሻም ፏጪዋ። ባትሪ ያለው ነገር ወደ ውስጥ አይገባም ተባለ። ሁሉም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለእትዬ ተሰጣት፣ እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ለነርሷ «ጆሮዋ ትንሽ ደከም...» ብላ ስትጀምር እማ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገችና «ዝም በይ» አለቻት። ነርሷ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ጠርቷት ዞር ብላለች። ተሽከርካሪው አልጋ ተንቀሳቀሰ፤ እማ ያለ ሻሽ፣ ያለ ጥርስ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች በሁለቱ በሮች መሃል ገባች። እጇን አንስታ እንደ ሙሽራ አውለበለበችልን። አሳቀችን ደግሞ።

ዓይናማው ወደ እኛ የወጣው ከጠበቅነው በጣም ቀድሞ ነው። ቀስ ብሎ ነው ያወራን። ማደንዘዣው በእግሯ ውስጠኛ ጎን በኩል አልያዘም፤ ቢላዋው እዚያ ሲደርስ እማ ጮኸች፣ ተወራጨች፣ ሊያረጋጓት መድኃኒት ሲሰጧት አስታወከች፣ ያስታወከችውም ወደ ሳንባዋ ገባ። ከዚያ ወዲያ ምርጫ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ አስተኝተው፣ ቱቦ አስገብተው ሥራውን ጨረሱ። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት፣ የምትተነፍሰው በማሽን ነው።

እንግዲህ የፈራነው ሁሉ፣ እንዳይደርስ ብለን የሮጥንለት ሁሉ፣ በአንድ ጠዋት ተጠቃሎ ደረሰ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ «ጮኸች?» አለች።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስገባ እማን አልፌያት ሄጄ ነበር። የክፍሉ ነርስ ነው የመለሰኝ። አፏ ላይ ቱቦ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጉንጯ ያለ ጥርስ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሁልጊዜ በሻሽ ተሸፍኖ የማውቀው ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል። ማሽኑ ሲገፋ ደረቷ ይነሳል፣ ሲያርፍ ይወድቃል። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሌላኛው አጥሮ ይታያል። ፈራሁ። ትልቅ ሰውዬ ነኝ፣ የእናቴን እጅ ለመያዝ ግን ነርሱ «ይችላሉ» እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ቀናት እንዲሁ አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዓይናማው ኮሪደሩ ላይ አገኘን። ሰው ቱቦ ላይ በቆየ ቁጥር ሳንባው ይባስ እንደሚበከል፣ ቶሎ ማውጣት እንደሚሻል አስረዳን። ለማውጣት ግን መንቃቷን ማረጋገጥ አለባቸው።

«በየጠዋቱ እናታችሁን የሚያስተኛቸውን መድኃኒት ቀነስ አድርገን እንጠራቸዋለን» አለ። «ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ግን ይሰማዎታል፣ እጄን ይጨብጡ ስንላቸው ዝም ነው። አእምሯቸው ተጎድቶ እንዳይሆን ሰግተናል።»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይናማውም የሚያጽናናን መስሎት ይሁን ራሱን ለማጽናናት፣ በቀዶ ሕክምናው ቀን ቸኩሎ እንዳልጀመረ ነገረን። ጣቶቿን በመርፌ ነካክቷል፣ ደጋግሞም ጠይቋታል። «አይሰማኝም አሉኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ጠንከር አድርገው፣ አይሰማኝም።»

አራሚ ነኝ ብያለሁ። የሰው አረፍተ ነገር ሳልነካው አያልፍም። ይህኛውም አላለፈም።

«ምን ብለው ነው የጠየቋት?» አልኩት።

«ይሰማዎታል ብዬ።»

«ይህን ጭንብል አድርገው?»

ዓይኖቹ እኔ ላይ ቀሩ። አልገባውም። እንዴትስ ይገባዋል፤ እሱ ስለ ቆዳ ነው የጠየቀው፣ እሷ ስለ ጆሮ ነው የመለሰችው፣ ሁለቱም አልዋሹም። ለጆሮም ለቆዳም አንድ ቃል ነው ያለን። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ነጠላ ሰረዝ ስለቅም ኖሬ፣ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም።

እትዬ ግን ገብቷታል። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ መነጽር እያወጣች አግዳሚው ወንበር ላይ ጣለች። ፕላስቲኩን ስታገኘው ጨበጥ አደረገችው። ከውስጡ ፏጪዋ ሲጥ አለች።

«ምንድን ነው?» አለ ዓይናማው።

«ጆሮዋ ነው» አለች እትዬ።

ዓይናማው ቁልፉን ገፋ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቀናት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ግን የቱ ላይ ላውርደው? እሱ አልተነገረውም። ያልነገረችው እትዬ ናት፣ እትዬን ዝም ያሰኘቻት እማ ናት፣ እማን ደንቆሮ መባል እንድታፍር ያደረግናት ደግሞ ሁላችንም ነን። ቁጣዬ ባለቤት አጥቶ ሆዴ ውስጥ ቀረ፤ አሁንም እዚያው ነው።

ፏጪዋን ይዤ ገባሁ። ነርሱ ተቀብሎኝ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ጎንበስ አልኩና፣ ሌላ ምን እንደምል ስላላወቅሁ፣ ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን ይዤ የምለውን አልኩ።

«ሃሎ፣ ይሰማል?»

ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን ሳይሆን እኔን አየች። እጄን እንድትጨብጥ ነገርኳት፤ ጨበጠችው፣ እንዲያውም አልለቅም አለች። ነርሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ዓይናማውን ጠራው። ቱቦውን በዚያው ቀን አወጡላት።

እትዬ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ አልገባችም። በየቀኑ ትመጣለች፣ ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ስወጣ «እንዴት አደረች?» ትለኛለች፣ ሥራዋ ትሄዳለች። ግቢ ስላት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። ጉንፋን አልያዛትም።

እማ ድምፅዋ ሻክሮ፣ በየመሃሉ በኦክስጅን እያረፈች፣ ያን ቀን የሆነውን በቁርጥራጭ አወራችኝ። ዓይናማው ጎንበስ ብሎባት ነበር። ዓይኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አፉ ግን ተሸፍኗል። የሆነ ነገር እንደጠየቃት ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልሰማችም።

«አይሰማኝም አልኩት» አለችኝ። «አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጎበዝ ልጅ፣ ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ቢላዋው የመጣው።» ኦክስጅኑን ሳበች። «ዕድሜ ልኬን ሰውን ይሰማል ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን እኔ ብጠየቅ መልሱን አበላሸሁት።»

ልትስቅ ሞከረች፣ ሳል ያዛት። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ፏጪዋን ማን ይዟት እንደነበር ጠየቀችኝ። ነርሷ ናት አልኳት። እትዬስ ለምን አትገባም አለችኝ። ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ናቸው አልኳት። የኦፕሬተር ፊት አድርጋ አየችኝ፤ በሁለት ሰዎች መሃል ገብታ የሁለቱንም ስትሰማ የኖረች ሴት ናት።

«ንገራት» አለችኝ። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ክንዷን የቆነጠጥኳትም እኔ ነኝ። በል ይህን ንገራትና ትግባ።»

እንደወጣሁ ልነግራት አግዳሚው ድረስ ሄድኩ። እትዬ ግን ከመጀመሬ በፊት ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች፤ ደወል ሊደወል ነው፣ ረፈደብኝ አለች። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

በማግስቱ ዓይናማው ያለ ጭንብል መጣ። የእማን አልጋ ዞሮ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ። ከጠበቅሁት በላይ ልጅ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ መሃል ፍንጭት አለው።

«አፍም አለህ ለካ» አለችው እማ።

የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው፤ መሃሉ ላይ ጠፋበት። አለማወቄ ጎዳዎት፣ መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ አላት። እማ ከንፈሩን እያየች እስኪጨርስ ጠበቀችው። መልስ ሳትሰጠው ስትቀር፣ ያልሰማችው መስሎት ይሆናል፣ በልማዱ ጠየቃት።

«ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አለች።

ሊነሳ ነበር። ከዚያ የራሱ ቃል ያዘውና መልሶ ተቀመጠ።

«ድምፄ ነው ወይስ እግርዎ?»

«ሁለቱም» አለች እማ።

ለካ እናቴ ስትቀልድልኝ በከረመችበት ጊዜ ሁሉ ሕመሙ አልተዋትም ነበር። ዓይናማው የአልትራሳውንድ ማሽን አስመጥቶ፣ እግሯን እያየበት፣ እዚያው አልጋዋ ላይ ነርቩን እንደገና አደነዘዘላት። አሁን በጉልበቷ ጀርባ ብቻ አይደለም፣ ያን ያመለጠውን የውስጥ ጎንም ጨምሮ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ከንፈሩን እየከፈተ፣ «ያምዎታል?» አላት። አያመኝም አለች። ወረድ አድርጎ ነካት፤ «እዚህስ ያምዎታል?» አያመኝም። እንዲህ ቀላል ነበር። ግድግዳውን በቡጢ ብመታው ደስ ባለኝ።

ሲወጣ ተከትዬው፣ እናቴ በጥናቱ ውስጥ ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠር ጠየቅሁት። ዕጣ ከደረሳት ወገን ነው አለኝ፤ ምንም ነገር ቢፈጠር ሰው ከዕጣው አይወጣም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ስለዚህ እግራቸው ብቻ ከተኛ ሰዎች መሃል ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባች ተብላ ትቆጠራለች።

«ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይመስላላ» አልኩት።

«የሆነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ» አለ። «ግን በሌላ ቋንቋ ነው የሚታተመው። እዚያ ሁለቱ ቃላት ለየብቻ ናቸው። የሚገባው ሰው መኖሩን እንጃ።»

እማ ያን ቀን ሕመሙ ለቋት ደህና ተኛች። ሳንባዋ ግን የራሱን መንገድ እየሄደ ነበር። ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ትንፋሿ አጠረ። ቱቦውን መልሰው ሊያስገቡላት እንደሚችሉ፣ ቢያስገቡትም የመውጣቱ ነገር አጠራጣሪ እንደሆነ ነገሩን። ፏጪዋ ጆሮዋ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አልፈልግም አለች፣ በጥሩ አማርኛ፣ ምንም የሚታረም የለውም። ከዚያ በሩን አየች።

«ነገርካት?» አለችኝ።

ነግሬያታለሁ፣ እየመጣች ነው አልኳት። አልነገርኳትም ነበር። ስደውልላት ክፍል ውስጥ ነኝ፣ በኋላ ትለኛለች፣ ኮሪደሩ ላይ መቀመጡንም ትታዋለች። እማ በሩን እያየች ቆየች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው እግር ላይ ስትደርስ ደረቷ አረፈና ሳይነሳ ቀረ። ነርሱ ፏጪዋን አውልቆ መዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ በመዳፌ ስጨብጣት አፏጨች፣ እንዴት እንደምትጠፋም ስላላወቅሁ እያፏጨች ኪሴ ከተትኳት።

ኮሪደሩ ጫፍ ሄጄ ለእትዬ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

«እትዬ» አልኩ፣ «እማ አረፈች።»

«አይሰማኝም» አለች።

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። እማ አረፈች አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሁለት ነርሶች ዞር ብለው አዩኝ።

«አይሰማኝም።»

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ ብላሻለች። ክንዷን የቆነጠጥኳት እኔ ነኝ፣ ንገራት ብላኛለች። በሩን እያየች ነው የሄደችው። ይሰማሻል፣ እትዬ?»

«አይሰማኝም» አለች እትዬ። «አይሰማኝም አልኩህ እኮ።»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከኋላዋ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ፣ አንድ ተማሪ ሲያነብ፣ እሷም ትንፋሿን ስትይዝ ይሰማኝ ነበር።